የእትዬ አስካለ እጅ

ይህን መጻፍ የሚገባኝ መሆኑን እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ጤና ጣቢያ ሄዶ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ሲጠብቅ ውሎ፣ መድኃኒቱን በፌስታል፣ ሕመሙን በጎኑ ይዞ የተመለሰ ሰው በየሰፈሩ ሞልቷል። መርካቶ ውስጥ ማንንም አቁማችሁ ብትጠይቁ ከዚህ የባሰ ይነግራችኋል። እኔ ደግሞ ገና የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ዶርም ውስጥ ልጆቹ ስለማይረሱት ሰው ሲጨዋወቱ አንዷ ሰው ከእሳት ስላወጣ አጎቷ፣ ሌላዋ ትምህርት ቤት ስላሠሩ አያቷ ተናገረች። እኔ ስለ አንዲት ጋቢ ሻጭ ምን ብዬ ልናገር?

ባለፈው እሑድ ግን እናቴ ደወለችልኝ። የሰፈሩን ወሬ ሁሉ ከነገረችኝ በኋላ፣ ልትዘጋው ስትል፣ "የእትዬ አስካለ ሱቅ እኮ ተከራየ" አለችኝ። "ሰውየው የውጭ ብርድ ልብስ ሞልቶበታል። ያ አበባ አበባ ያለበት።"

"ጥሩ ነው" አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ትከሻዬን በረደኝ። ያን ጊዜ ነው ብዕር ያነሣሁት።

እትዬ አስካለ ሸማ ተራ ውስጥ ጋቢና ነጠላ ይሸጡ ነበር። ከራጉኤል ጀርባ ባለው ግቢያችን ውስጥ የእሳቸውን ቤት ከእኛ ቤት የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጅ አልወለዱም። እናቴ ሽንኩርት ተራ ስለምትውል እኔ ከትምህርት ቤት ስወጣ የምሄደው ወደ እሳቸው ሱቅ ነበር። የታጠፈ ጋቢ ክምር ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። አሁንም አዲስ ጥጥ ሲሸተኝ የሒሳብ ጥያቄ ትዝ ይለኛል።

በእሳቸው ሱቅ ሰው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ጋቢው ትከሻው ላይ ነው። "ኧረ እማማ፣ እያየሁ ብቻ ነው" ይላል ሰውየው ደንግጦ። "እይ ልጄ፣ ለብሰህ እይ። መልበስ አይከፈልበትም" ይሉታል። ከዚያ በፊት ግን ሳያደርጉ የማያልፉት ነገር ነበራቸው። ሁለት መዳፋቸውን ያፋትጋሉ፤ እፍ ይሉባቸዋል፤ ከዚያ ነው የሰውየውን ትከሻ የሚነኩት።

ልጅ ሆኜ ሲያተኩሰኝ እናቴ የምትጠራው እሳቸውን ነበር። ግንባሬን ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከትተው ያቆዩታል። ለምን እንደሆነ አንድ ጊዜ ጠየቅኳቸው።

"አሞሽ የለ እንዴ? ደግሞ በቀዝቃዛ እጅ ላስደንግጥሽ?" አሉኝ።

ከዚያ ግንባሬን፣ አንገቴን፣ ሆዴን ቀስ ብለው ይነካሉ። መድኃኒት አያውቁም፤ አውቃለሁም አይሉም። "እኔ ምን አውቄ? ሐኪም ይያት" ብለው ለእናቴ ይሰጡኛል። ሐኪም ለእሳቸው ትልቅ ሰው ነው። ስለ ሐኪም ክፉ ሲወራ ከሰሙ ወሬ ይቀይራሉ።

ከሱቃቸው ፊት ለፊት ጋሽ ሙደሲር ለሸማኔዎች ክር ይሸጣሉ። በወጣትነታቸው ከሥልጤ መጥተው እዚያው ሸማ ተራ ያረጁ ሰው ናቸው። ሁለቱ ከጠዋት እስከ ማታ በጠባቧ መተላለፊያ ላይ ሲነቃቀፉ ይውላሉ።

"አስኩ! ደንበኛዬን ዛሬም በጋቢ ጠቅልለሽ ወሰድሽብኝ!"

"ያንተ ክር መች ሰው ያሞቃል ሙዴ? እስኪሸመን ድረስ ደንበኛህ በብርድ ያልቃል።"

በረመዳን እትዬ አስካለ ምሳቸውን መጋረጃ ጋርደው ነው የሚበሉት። በሑዳዴ ደግሞ ጋሽ ሙደሲር ሥጋ የያዘ ዕቃ ይዘው በሱቃቸው በር አያልፉም፤ በጀርባ ይዞራሉ። ማንም ይህን አድርጉ ብሏቸው አይደለም።

ሕመሙ የጀመራቸው በገና ገበያ ሰሞን ነው። ጋቢ ከላይ መደርደሪያ ሲያወርዱ ቀኝ ጎናቸውን ይዘው ቆሙ። "ምነው?" ስላቸው "ትንሽ ናት፣ ታልፋለች" አሉኝ። ስለራሳቸው ጉዳይ ሁሉ እንዲህ ነው የሚናገሩት። ጣራቸው ሲያፈስ ትንሽ ናት፤ እግራቸው ሲያብጥ ትንሽ ናት። ይቺኛዋ ግን አላለፈችም። ከበዓሉ በኋላ እናቴ ለምና ጤና ጣቢያ እንዲሄዱ አደረገቻቸው፤ እኔ ይዣቸው ሄድኩ።

በሰፈራችን ሰው ሐኪም ዘንድ የሚሄደው ጎስቆል ብሎ አይደለም። እትዬ አስካለም ገላቸውን ታጥበው፣ ፀጉራቸውን ቅቤ ነካ አድርገው፣ የፋሲካ ጥበብ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ በላዩ ነጠላ፣ በነጠላው ላይ ጋቢ ደርበው ወጡ። ሠርግ የተጠሩ ነው የሚመስሉት። የነጠላቸውን ጥለት ያስተካከልኩላቸው እኔ ነበርኩ።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ ይጽፋል። ሁላችንም "ዶክተር" ነው የምንለው።

"እማማ፣ ምንዎን ነው የሚያምዎት?" አለ፣ ቀና ሳይል።

"እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። አንተስ ደህና ነህ? ቤተሰብ ደህና ነው?"

"ደህና። ምንዎን ነው?"

"እዚህ ጋ። ትንሽ ናት እንኳ፤ ወጋ ታደርገኛለች።"

"ሲበሉ ይብስብዎታል?"

"አንዳንዴ።"

"ጨጓራ ነው። በርበሬና ቡና ይቀንሱ። ቀጣይ!"

"እዚህ ጋ" ሲሉ እጃቸውን ቀኝ ጎናቸው ላይ አድርገው ነበር። እሱ ግን እየጻፈ ስለነበር እጃቸው የት እንዳለ አላየም።

ውጭ ስንወጣ እትዬ አስካለ ሣቅ አሉ። "ጠረጴዛው ታሞ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ድኖ ነበር" አሉኝ። "እንዴት አድርጎ ነው ያየው!"

የጨጓራውን መድኃኒት ጨረሱ፤ አልተሻላቸውም። እንደገና ሄድን። ደም ሰጡና ታይፎይድ ነው፣ ታይፈስም አለ ተባሉ። የዚያንም መድኃኒት ጨረሱ። ሌላ ቀን ስንሄድ ማሽኑ ተበላሽቷል ተባልን። ሌላ ቀን ባለሙያው ስብሰባ ላይ ነው ተባልን። ጠዋት መጥተን ከአግዳሚው ጫፍ እንጀምርና በቂጣችን እየተንፏቀቅን ወደ በሩ እንጠጋለን። በሩ ጋ ስንደርስ ዘበኛው የሚያውቀው ሰው ይመጣና ከፊታችን ይገባል። እኔ ብግን እላለሁ። እሳቸው ግን አጠገባቸው የተቀመጠችውን እናት ልጅ ተቀብለው፣ መዳፋቸውን አሙቀው፣ እግሩን ያሹለታል። እዚያ አግዳሚ ላይ ያላወቃቸው ሰው አልነበረም። ሐኪሙ ብቻ አላወቃቸውም።

ሲከፋቸው ያየሁት አንድ ቀን ነው። ሦስተኛ ይሁን አራተኛ ጊዜ "ያው ጨጓራው ነው፣ መድኃኒቱን ይቀጥሉ" ተብለው ወጡና ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ፌስታሉን ጉልበታቸው ላይ አደረጉት።

"ማሂ" አሉኝ፣ "ያ ልጅ መንገድ ላይ ቢያገኘኝ አያውቀኝም። መልኬን አያውቀውም እኮ። ሕመሜን እንዴት አወቀው?"

እጄን አንጓው ላይ ያዙኝ፤ ተደግፈውኝ ተነሡ። ቀለው ነበር። ያን ያህል መቅለላቸውን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ ከላይ የደረቡት ጋቢ ከሁላችንም ደብቆት ኖሯል።

የእትዬ አስካለ ዓይን መለወጡን ያዩት ጋሽ ሙደሲር ናቸው። አንድ ጠዋት ሊቀልዱ መጥተው ፊታቸውን ሲያዩ ቆሙ፤ ቀልዱም ጠፋባቸው።

"አስኩ፣ ዓይንሽ ከቢጫ ክሬ ጋር አንድ ሆኗል።"

"እንቅልፍ ነው።"

"እንቅልፍ ቢጫ አያደርግም። መቀነትሽስ? ድሮ ዞሮ አይደርስም ነበር፣ አሁን ጫፉ መሬት ሊነካ ነው። ሐኪሙ ምን አለሽ?"

"ጨጓራ።"

"ዳሰሰሽ?"

እትዬ አስካለ አጠገባቸው ያለውን ጋቢ ማጠፍ ጀመሩ። ጋሽ ሙደሲር ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔ አንገቴን ደፋሁ። "ወላሂ፣ እኔ አንድ ጥቅል ክር ስሸጥ ሰዉ ጎትቶ፣ ነክሶ፣ ፀሐይ ላይ አውጥቶ አይቶ ነው!" ብለው ጮኹ። ከዚያ የክር ካርቶን ጎትተው አመጡ፤ ከኋላው ተቀመጡ።

"ነይ፣ ቁጭ በይ። እኔ ዶክተሩ ነኝ" አሉ። አንገታቸውን ሰብረው ካርቶኑ ላይ የሚጽፉ መሰሉ። "እማማ፣ ምንዎን ነው?"

"እዚህ ጋ፣ ትንሽ ናት..."

"ትንሽ የለም! ትንሽ ካልሽኝ ጨጓራ ነው የምልሽ። እንደገና!"

"ያዝ ያደርገኛል።"

"ማነው የሚይዝሽ? ደንብ አስከባሪ ነው? ጩኺ! 'ልሞት ነው ዶክተር' በይ!"

"ኧረ ሙዴ! በሰው ልጅ ላይ ምን ብዬ እጮኻለሁ?"

"እኔ ላይ ዕድሜ ልክሽን ስትጮኺ አልነበር? ቀጣይ!"

እትዬ አስካለ ሣቁ። ያን ሣቃቸውን አሁንም እሰማዋለሁ፤ ከትከሻቸው ነው የሚጀምረው። እየሣቁ ሳለ ጎናቸውን ያዙና ጎንበስ አሉ። ሣቁ እዚያው ላይ ተቆረጠ። ጋሽ ሙደሲር ከካርቶኑ ተነሡ። "ነገ እኔም እሄዳለሁ" አሉ። "ጥበብ ቀሚስ የለም። ጋቢ የለም። በዚሁ በሥራ ልብስሽ ነው የምትሄጂው።"

"ቢያንስ ነጠላዬን ልቀይር።"

"አትቀይሪም!"

በማግስቱ በታጠበ አሮጌ ቀሚሳቸው ብቻ መንገድ ሲወጡ እንደ ራቁታቸው ሆነው አፈሩ። ግድግዳ ግድግዳውን ነው የሄዱት። በሩ ላይ ዘበኛው ጋሽ ሙደሲርን አስቆማቸው።

"አስታማሚ አንድ ብቻ ነው አባት።"

"አስታማሚ አይደለሁም፤ ወንድሟ ነኝ።"

ዘበኛው የጋሽ ሙደሲርን ኮፍያ አየ፤ የእትዬ አስካለን ማተብ አየ። "ወንድሟ?"

"ምነው፣ አንመሳሰልም?" አሉና ገቡ።

ሐኪሙ እንደ ወትሮው እየጻፈ ነበር። "ምንዎን ነው እማማ?" አለ። እትዬ አስካለ አልመለሱም። ጋሽ ሙደሲር በክርናቸው ነካ አደረጓቸው። ከጉሮሯቸው የሚወጣ ጩኸት እንደሌለ አወቅሁ፤ ሰው ላይ የሚጮህ ጉሮሮ አልተሰጣቸውም። እኔ ልናገርላቸው አፌን ስከፍት እሳቸው ከወንበራቸው ተነሡ። መዳፋቸውን አፋተጉ፤ እፍ አሉበት። በጠረጴዛው ላይ እጃቸውን ዘርግተው ብዕር የያዘውን የሐኪሙን እጅ ያዙት። ብዕሩ ወደቀ። እጁን እንደያዙ ዞረው አጠገቡ መጡና ቀኝ ጎናቸው ላይ አኖሩት።

"እዚህ ጋ ነው ልጄ" አሉት። "ትንሽ አይደለችም።"

ልጁ እጁን ሊነጥቅ ፈልጎ ነበር፤ አይቻለሁ። ከዚያ እጁ ቆመ። ጫን አደረገው። ትንሽ ወደ ታች አውርዶ ደግሞ ጫን አደረገው። ከዚያ ቀና አለ። በእነዚያ ወራት ሁሉ ፊቱን በሙሉ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። የእትዬ አስካለን ዓይን አየ፤ ቢጫውን አየ። ድምፁ ተለወጠ።

"እማማ፣ እስቲ አልጋው ላይ ጋደም ይበሉልኝ" አለ።

ጋሽ ሙደሲር ሌሊቱን ሲያዘጋጁት ያደሩትን ስድብ አንዱንም አልተናገሩም። ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ።

ሪፈር ተጽፎላቸው ትልቁ ሆስፒታል ሄድን። እዚያ ቀጠሮ፣ ከቀጠሮው በኋላ ምርመራ፣ ከምርመራው በኋላ ሌላ ቀጠሮ ሆነ። በመጨረሻ አንዲት ሐኪም ፊልሙን መብራት ላይ ይዛ አየችና ወደ እኛ ዞረች።

"ጉበት ላይ ነው። በጣም ተስፋፍቷል። ለምን እስካሁን ቆያችሁ?"

እኛ? ስንት ጠዋት እዚያ አግዳሚ ላይ እንደተቀመጥን ልነግራት ነበር። እትዬ አስካለ ግን አንጓዬን ያዙኝ።

"እኔ ነኝ የዘገየሁት ልጄ" አሏት። "ትንሽ መስላኝ ነው።"

ወደ ቤት በመኪና ተመለስን። ተክለ ሃይማኖት ጋ ስንደርስ እትዬ አስካለ በመስኮቱ እያዩ፣ "እጁ ግን" አሉ፣ "የዚያ ልጅ። በረዶ እኮ ነው። ያ ክፍል ፀሐይ አይገባበትም መሰለኝ።"

ጋሽ ሙደሲር ፈነዱ። "አስኩ! ይሄ ሰው ገደለሽ እኮ! ስለ እጁ ታወሪኛለሽ?"

"አልገደለኝም ሙዴ። አላየኝም እንጂ። ኋላ ደግሞ አየኝ።"

በዚያው ሳምንት ከመደርደሪያው አንድ ጋቢ አስወረዱኝ። ለበዓል ያስቀመጡት፣ ቀጭን አረንጓዴ ጥለት ያለው ነው። ፌስታል ውስጥ አስገብተው ለጋሽ ሙደሲር ሰጧቸው። "እኔ ስሄድ ለዚያ ልጅ ታደርስልኛለህ። 'ሰው ከመንካትህ በፊት እጅህን አሙቅ' በለው።"

"አላደርስም" አሉ ጋሽ ሙደሲር።

"ታደርሳለህ።"

"አላደርስም አልኩ! ራስሽ ድነሽ ትሰጪዋለሽ።" ፌስታሉን ግን አልመለሱም።

ከዚያ በኋላ ከአልጋ አልተነሡም። ምሽት ምሽት ከትምህርት ቤት ስመለስ አጠገባቸው እቀመጣለሁ፤ የማትሪክ ጥናቴን ጮክ ብዬ እንዳነብላቸው ይፈልጋሉ። ምንም ባይገባቸውም "ይቺ ጥሩ ናት፣ ድገሚያት" ይላሉ። እጃቸው እየቀዘቀዘ መጣ። መዳፌን አፋትጌ እይዛቸዋለሁ። "አወቅሽበት" አሉኝ አንድ ቀን።

ሐምሌ ውስጥ፣ ዝናብ ሲጥል በዋለበት ቀን አረፉ። ሸማ ተራ ሱቁን ዘጋ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ወጡ፤ ከእነዚያ ነጠላዎች ስንቱን እሳቸው በሰው ትከሻ ላይ እንዳኖሩት እግዚአብሔር ያውቃል። ጋሽ ሙደሲር ቀብሩ እስኪያልቅ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ዝናብ ላይ ቆመው ነበር። ጃንጥላ ይዤላቸው ብወጣ አልተቀበሉኝም።

እውነቱን ለመናገር እኔ ሐኪሙን ይቅር አላልኩትም። ይቅር ማለት የሚገባኝ ሰው መሆኔንም አላውቅም። እትዬ አስካለ ቂም አልያዙበትም፤ እሳቸው ስላልያዙ እኔ ብይዝ የሚያፍሩብኝ ይመስለኛል። እዚህ የዩኒቨርሲቲው ግቢ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። ሰሞኑን ሳል ይዞኝ የተማሪዎች ክሊኒክ ሄድኩ፤ ነርሷ "ምን ሆነሽ ነው?" ስትለኝ "ትንሽ ናት" ብዬ መለስኩ። ከአፌ ሲወጣ የማን ድምፅ እንደሆነ አወቅሁት። ዶርም ተመልሼ እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ አሞቅሁና ግንባሬ ላይ አደረግሁት። የራስ እጅ አንድ አይደለም።

ትምህርት ሳልጀምር፣ ገና ቤት ሳለሁ፣ አንድ ጠዋት ጋሽ ሙደሲር የግቢያችንን በር አንኳኩ። ያንን ፌስታል ይዘዋል።

"ነይ ማሂ። አደራ አላህ ዘንድ ያስጠይቃል" አሉኝ።

የተክለ ሃይማኖት ክብረ በዓል ስለነበረ መንገዱ ነጭ በለበሰ ሰው ሞልቷል። በሕዝቡ መካከል እየተጋፋን ስንሄድ ጋሽ ሙደሲር ለሐኪሙ የሚሉትን ጮክ ብለው ይለማመዱ ነበር። "አንተ ከሰው ነው የተወለድከው ወይስ ከጠረጴዛ? እለዋለሁ። አዎ፣ እንዲሁ ነው የምለው።" ሰዎች እየዞሩ ያዩናል።

ሐኪሙ ሲያየን አወቀን። ብድግ አለ። "እማማስ?" አለ።

"ቀበርናት" አሉ ጋሽ ሙደሲር።

ልጁ ቆሞ ቀረ። ጋሽ ሙደሲር ፌስታሉን ከፈቱ። መዳፋቸውን ሲያፋትጉ አየሁ፤ እሳቸውም ሲያደርጉት ያወቁት አይመስለኝም። ጋቢውን ዘርግተው ልጁ ትከሻ ላይ ከነጩ ጋዋን በላይ አኖሩት። ሊያወልቀው እጁን ሲያነሣ፣ "ተው፣ መልበስ አይከፈልበትም" አሉት። ድምፃቸው ተሰበረ፤ ጠበቁት፤ ተመለሰ። "'ሰው ከመንካትህ በፊት እጅህን አሙቅ' ብላሃለች። መልእክቱ ይሄው ነው።"

ወጣን። ስድቡ እንዳለ አፋቸው ውስጥ ቀረ። አንዲት ምርኩዝ የያዙ እናት በአጠገባችን አልፈው ገቡ፤ በሩ ከኋላቸው ቀስ እያለ ይዘጋ ጀመር። ጋሽ ሙደሲር ዞር ብለው ቆሙ፤ እኔም ቆምኩ። በቀረችው ክፍተት ልጁ ጋቢውን እንደለበሰ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ አየነው። ሁለት መዳፉን አፋተጋቸው፤ እፍ አለባቸው። ብርድ ስለነበረ ይሁን ስለ እሳቸው አላውቅም። በሩ ተዘጋ።

ቀኑ ነሐሴ ሃያ አራት ነበር።